አባትን በረዶ ያበላው

ሊዬዥ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1997

ለአጎቴ ልጅ ለዶሱ፣

የግቢያችን ጉድጓድ ሳይነጥፍ፣ የእናቴ ሳቅ ሳይቀንስ ይህ ወረቀት እጅህ ይግባ። እናቴ እንዴት ከረመች? ጉልበቷስ ተሻላት? እኔ ከብርዱ በቀር የሚጣላኝ የለም። ብርዱ ግን ሰው አያከብርም፤ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።

ለእናቴ ስታነብላት ከዚህ በታች ያለውን ዝለለው። አደራ።

ባለፈው ከዳቦ ፋብሪካው ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ በአንድ የእንስሳት መሸጫ ሱቅ በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ላይ፣ በጥንቸልና በወፍ መካከል፣ አባት ተጠቅልሎ ተኝቷል። የኛው የዊዳ ዘንዶ! ያ አጭሩ፣ ወፍራሙ፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን የሚደብቀው። ዋጋ ተለጥፎበታል። ገባሁና ባለሱቁን «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ አባታችን ነው» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኛ አገር እሱ ቤት ሲገባ እንደማንመታው፣ «አባት፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብለን በክንዳችን አቅፈን ወደ ቤተ መቅደሱ እንደምንመልሰው፣ ሲሞትም በነጭ ጨርቅ ገንዘን እንደምንቀብረው ሳስረዳው «እንግዲያው ለአባትህ ስል ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለኝ።

ምን ላድርግ? ዋጋ ተለጥፎበት ትቼው ልሂድ? ገዛሁት። አሁን ክፍሌ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን፣ ከማሞቂያ አምፖል ሥር ይኖራል።

ችግሩ አይበላም። ባለሱቁ የሰጠኝ በበረዶ የደረቀ አይጥ ነው፤ እዚህ ብዙዎቹ የሚያበሉት ያንን ነው። ከፍሪዘር አውጥቼ በረዶው ሲለቀው አስቀምጥለታለሁ። እሱ ይጠጋና ምላሱን ብልጭ አድርጎ ፊቱን ያዞራል። ከመጣ ጀምሮ አንድም አልቀመሰም። እንዳይሞትብኝ ፈርቻለሁ። ቤተ መቅደስ ሄደህ የዘንዶዎቹን ጠባቂ አባባ አጎሱን ጠይቅልኝ፦ አባት የሞተ ነገር ይበላል? እንቢ ካለስ ምን ይደረጋል? አንተ ሁሉን ነገር ቀልድ ታደርጋለህ፤ ይቺን ግን ተዋት።

ታላቅህ ቪኞን


ዊዳ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1997

ለወንድም ጋሼ ቪኞን፣ ለዳቦ ሁሉ አለቃ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ፣ ፓስፖርት የሚጠይቀው ሳይኖር ድንበሩን ሁሉ ዘልቆ፣ በርህ ላይ ጫማውን አውልቆ ይግባ። እኛ ደህና ነን። የበጋው ደረቅ ነፋስ፣ ሐርማታን፣ ከንፈራችንን ሰነጣጥቆት እንደ ልብ መሳቅ አቃተን እንጂ ሌላ ጉዳት የለም።

ደብዳቤህን ለአክስቴ አነበብኩላት። ዝለል ያልከኝ ቦታ ላይ ዝም ብል ስለምትነቃብኝ ከራሴ ጨመርኩበት፦ ፋብሪካው ውስጥ አለቃ ሆነሃል፣ ወፍረሃል፣ ቦርጭም አውጥተሃል። ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። እንግዲህ ስትመጣ ቦርጭ ይዘህ ና፤ እኔን እንዳታዋርደኝ።

ግን ወንድም ጋሼ፣ ሰው አውሮፓ ሄዶ መኪና ይገዛል። አንተ ሄደህ አባትን ትገዛለህ? እኔ ትናንት አልጋዬ ሥር አንዱን ተኝቶ አገኘሁት፣ ያውም በነፃ። ከፈለግህ ዋጋ ለጥፌ እልክልሃለሁ፤ ቅናሽ ግን የለም።

አባባ አጎሱ ጋ ሄጃለሁ፣ አንተ ትሙት። ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«አባባ፣ ቪኞን ነጮች አገር አባትን አግኝቶ አብረው ይኖራሉ። አልበላ ብሎት ተጨንቋል» አልኩት።

«አሁን ሐርማታን አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የኛዎቹስ እየበሉ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አብሬ አልቀርብ!»

«አባት ይጾማል። ወራት ይጾማል። ምግብ በሸተተው ቁጥር የሚሮጥ አንተ ነህ።»

«የሞተስ ነገር ይበላል?»

መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ አሰበ። «እኔ አብልቼው አላውቅም። ሲመሽ በር እንከፍትለታለን፤ የሚሻውን እሱ ያውቃል። ቪኞንን በለው፣ ቤቱ ይሙቅ፣ እሱም ይታገሥ። በግድ አያጉርሰው።»

ይኸው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ በዚህም በጣም ተጎድቻለሁ። ለድካሜ ጥቁር መነጽር ላክልኝ። ባለ ሞተር ታክሲ ሆኛለሁ። አቧራው አንድ ነገር ነው፤ ልጃገረዶቹ ደግሞ ዓይኔን ሲያዩ መሳፈሪያውን እስከ መርሳት እየደረሱ ተቸገርኩ።

ታናሽህ ዶሱ፣ ከመንታ በኋላ ተወልዶ የሁለቱን ተንኮል ለብቻው የወረሰው


ሊዬዥ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1997

ለተወደድከው ለዶሱ፣

ጤና፣ ሰላምና የተከፈተ በር ይስጥህ። ለእናቴ ጉልበት የሚሆን ቅባት ልኬያለሁ። መነጽሩም አለበት፤ እባክህ መንገዱን እያየህ ንዳ።

በላ! ዶሱዬ፣ በላ!

አባባ አጎሱ እንዳለው ታገሥኩ። ብርዱ እየለቀቀ ሲመጣ ማታ ማታ ከጎሬው መውጣት፣ መስታወቱን መዳሰስ ጀመረ። በሱቁ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ «ጌታዬ፣ የቀዘቀዘ ነገር ለእሱ ድንጋይ ነው። በሙቅ ውሃ ነክረህ አሙቀው፣ በመቆንጠጫ ይዘህ ቀስ እያደረግህ አንቀሳቅስለት» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። አይጡን አሞቅሁት፣ አደረቅሁት፣ በረጅም መቆንጠጫ ጭራውን ይዤ በፊቱ እንደሚሄድ አስመሰልኩ። የሱ አንገት እንደ ጥያቄ ምልክት ተቆልምሟል። ከዚያ መቼ እንደመታው አላየሁም፤ ብቻ መቆንጠጫው ባዶ ነው። ተጠቀለለበት፣ ቀስ ብሎም ዋጠው።

አጠገቡ ተቀምጬ እስኪጨርስ አየሁት። ከዚያ እኔም ሳህኔን አምጥቼ በላሁ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ከሌላ ነፍስ ጋር ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ቢሰማ ይስቃል። ለአንተ ግን ነገርኩህ።

ታላቅህ ቪኞን


ዊዳ፣ ሜይ 18 ቀን 1997

ለባለ መቆንጠጫው ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ እንደ ትኩስ የበቆሎ አካሳ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሳይቀዘቅዝ ይድረስህ፤ ከቀዘቀዘም ችግር የለም፣ አንተ ታሞቀዋለህ!

ይቅር በለኝ፣ ደብዳቤህን ባለ ሞተሮቹ መቆሚያ ላይ ነው የከፈትኩት። መነጽሬን አድርጌ እንደ ዳኛ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «መቆንጠጫ» የሚለው ላይ ስደርስ አንዱ ከሞተሩ ወደቀ። ሌላው የሞተ አይጥ የሚያስጨፍር መስሎ እየተወዛወዘ መንገዱን ዘጋ። የሶዳቢ ሻጯ ሴትዮ አረቄዋን ደፋች። ስምም ወጥቶልሃል፦ «አባትን በረዶ ያበላው»! አሁን እኔ ቪኞን የሚባል ዘመድ የለኝም፤ «የባለ በረዶው ወንድም» ነው የሚሉኝ።

ግን ከልብህ፣ ወንድም ጋሼ፣ የዘንዶ ልጅ ተብለህ ተወልደህ፣ ለአባት ሬሳ አሙቀህ ታቀርባለህ? ያውም በአሻንጉሊት ጨዋታ አታለህ? ደግሞስ ፊቱ ተቀምጠህ ሲበላ አየኸው? እኛ ቤት አባት ሊበላ ሲገባ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። የታላቅ ሰው አፍ ይታያል እንዴ? እዚያ አገር ነውርን ጉምሩክ ላይ ነው እንዴ የሚያስወርዱት?

ነገሩ አክስቴ ጆሮም ደረሰ። ገበያ ላይ «የባለ በረዶው እናት» ብለው ጠሯት። ትቆጣኛለች ብዬ ከአጥር ኋላ ተደበቅሁ። እሷ ግን ጠርታኝ ሁሉን አስነበበችኝ። ከዚያ «እሰይ፣ ለብቻው አይበላም ማለት ነው» አለች። ይኼው ነው ያለችው። ሽምግልና መጥቶባታል መሰለኝ።

አሁን የጎደለኝ ጫማ ነው፤ ነጭ፣ ባለ ሰማያዊ መስመር።

የሚያስቅህ (አንተ ባትስቅም) ዶሱ


ሊዬዥ፣ ጁላይ 27 ቀን 1997

ለዶሱ፣

ሰላም ለቤቱ ሁሉ። ጫማውን ልኬያለሁ።

ያልከው ልክ ነው። የሰው አገር ሰውን ያስረሳዋል። በፍሪዘር ውስጥ የነበሩትን አይጦች ጣልኳቸው፣ መቆንጠጫውንም ጣልኩት። ሱቁ ውስጥ ያለችው ልጅ «ሕያው አይጥ ይጎዳዋል፤ የግድ ካልክ እንኳ ዓይንህን አትንቀልበት» አለችኝ። እኔ ደግሞ እኛ አባትን ከእናንተ በፊት እናውቀዋለን አልኳት። ሕያው አይጥ ገዝቼ ሳጥኑ ውስጥ ለቀቅሁለት፣ ፊቴንም ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ወዲያው ያዘው። እንደ ወጋችን በላ።

ይህንን ደግሞ መቆሚያው ላይ ጮክ ብለህ አንብበው።

ቪኞን


ዊዳ፣ ኦገስት 24 ቀን 1997

ለወንድም ጋሼ፣ ለእውነተኛው የዘንዶ ልጅ፣

ሰላምታዬ ነጭ ጫማ ተጫምቶ እየተንጎራደደ ይምጣልህ። በጫማው ከተማው ታውሯል።

አነበብኩት! ጮክ ብዬ! ባለ ሞተሮቹ ሁሉ ጥሩምባቸውን ነፉልህ። ስምህ ተመልሷል፤ የድሮው ስም ግን ስለሚጥም አንዳንዴ ቢያመልጣቸው አትቀየም።

ለአባባ አጎሱም ነገርኩት። አይነፋም፣ አያጨበጭብም፣ ሰውዬውን ታውቀው የለ! «ሳጥኑ ስንት በር አለው?» አለኝ። ስቄ ልሞት! «ምነው አባባ፣ ልትከራየው ነው?» ብለው «እዚህ አይጥ የሚሸሽበት ቀዳዳ አላት፣ አባትም ካልራበው የሚሄድበት አለው። እዚያስ?» አለ። ይኸው ጥያቄውን አድርሻለሁ። ስንት በር፣ ስንት መስኮት፣ ውሃና መብራት ገብቶለት እንደሆነ ጻፍለት።

አክስቴ ሰላም ብላሃለች። አሁንም ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ትበሉ እንደሆነ ጠይቀው አለችኝ። ወጉ እንደዚያ አይደለም ብዬ አስረዳኋት፣ «እንግዲያውስ ይሁን» አለች።

ቀጥሎ የኳስ ማልያ ነው የምፈልገው። ትልቅ ቁጥር ይኑረው።

ታዛዥህ ዶሱ


ዊዳ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1997

ለወንድም ጋሼ ቪኞን፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ የበፊቱ ደርሶህ እንደሆነ እንጃ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ በየቀኑ ስለምጠይቀው መንገድ ቀይሮ መሄድ ጀምሯል። ሞተር እንዳለኝ ረስቶ!

ማልያውን እርሳው። ትልቅ ቁጥር ለብሼ ፖሊስ ቢያየኝ ምን ይጠቅመኛል?

በስሙ ተቀይመህ ከሆነ እሱ የኔ አይደለም፣ ባለ ሞተሮቹ ናቸው ያወጡት። እሺ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ደብዳቤ መጣ ወይ ስትለኝ ሁለቴ ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩላት። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችና ገልብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ባዶ ወረቀት ታውቃለች።

እባክህ አንድ መስመር ጻፍ። ብትፈልግ ስድብ ይሁን።

ዶሱ


ሊዬዥ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1997

ለአጎቴ ልጅ ለዶሱ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለእናቴ። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ብዕር አንሥቼ የት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

አባት ሞቷል።

በሴፕቴምበር ነበር። ዓይኑ ደመና ለብሷል፤ ቆዳውን ሊጥል ሲል እንደዚያ ይሆናል፣ ያን ጊዜ አያይም፣ አይበላም። አይቼዋለሁ። ግን አይጡን ገዝቼ ነበርና ለቀቅሁለት። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ በኋላም ሥራ ሰዓት ደርሶ ወጣሁ። ነውር እንዳይሆን ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አላየሁም። ስመለስ አይጡ ከውሃው ዕቃ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ያብሳል። አባት ጥግ ላይ እንደ ኳስ ተጠቅልሏል። ሳነሣው ጀርባው የለም፤ አጥንቱ ይታያል። አይጡም ርቦት ነበር፣ መውጫም አልነበረውም። አባትም መሸሻ አልነበረውም። ደንግጦ ራሱን ደበቀ፤ ከመደበቅ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ የተጋለጠው ጀርባው ነው።

አባባ አጎሱ ስለ በሩ ጠይቆ ነበር። አንተ እንደ ቀልድ ጻፍክልኝ፣ እኔም እንደ ቀልድ አነበብኩት።

የእንስሳት ሐኪም ሰፋው፣ መርፌ ወጋው። ሱቁ ውስጥ ያለችው ልጅ በየጊዜው እየመጣች ቁስሉን ታጥብልኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ቁስሉ መሽተት ጀመረ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ሞተ። ሐኪሙ «ተወው፣ እኛ እናቃጥለዋለን» አለ። እንቢ አልኩ። ለበዓል በምለብሰው ነጭ ሸሚዜ ገነዝኩት። የምቀብርበት ግን የለኝም፤ ግቢ የለኝም፣ መናፈሻው ውስጥ ያለው መሬት እንደ ብረት ደርቋል። ስለዚህ መሬቱ እስኪላላ ድረስ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት፤ አይጦቹ የነበሩበት መሳቢያ። ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ነው፤ ለመቆሚያው ልጆች እንዳትነግራቸው።

አንተን አልወቅስም። ታላቅህ እኔ ነኝ። አንተ ባላየኸው ነገር ሳቅህ፤ እኔ ግን በዓይኔ ባየሁት አፈርኩ። በልቶ ነበር እኮ፣ ዶሱ። ሳሞቅለት በልቶ ነበር።

ለእናቴ አትንገራት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቪኞን


ዊዳ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1998

ለወንድም ጋሼ ቪኞን፣

እግዜር ያጽናህ። ሌላ ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ።

ደብዳቤህን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ አነበብኩት፣ በልቤ። መቆሚያው ጋ ስደርስ «ባለ በረዶው ምን አለ?» አሉኝ። «ዝም በሉ» አልኳቸው። እኔ ዝም በሉ ስል ሰምተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ መነጽሬን ሳወልቅ አዩኝና ሞተራቸውን አጠፉ።

ለእናትህ ነገርኳት። አደራህን በላሁ፤ ስደበኝ። ከራሴ ፈጥሬ ላነብላት ሞከርኩ፣ አንደበቴ እንቢ አለኝ። ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰችና «ወደ አጎሱ ውሰደኝ» አለች። በሞተሬ ወሰድኳት። ስለ ጉልበቷ ብላ በሞተር ሄዳ አታውቅም።

አባባ አጎሱ ይቆጣል ብዬ ነበር። ሁሉን ነገርኩት፤ መቆሚያው ላይ ያነበብኩትንም፣ ስሙንም፣ በበሩ ጥያቄው መሳቄንም። እስክጨርስ መሬት መሬት አየ። ከዚያ «ሕያውን ማብላት ወግ አይደለም፣ ልጄ። ወጉ በር መክፈት ነበር። በሩ ከሌለ ወጉም የለም። ልጁ አሙቆ ማጉረሱ እሱ በሩ ነበር» አለኝ።

«አካሉ እዚያ ነው፤ ልቅሶው ግን እዚህ ይሁን» አለ። ነጭ ጨርቅ ገዝቼ መጣሁ። ቤተ መቅደሱ ጓሮ ምንጣፍ ተነጠፈ። እናትህ ተቀመጠች፣ እኔ ተቀመጥኩ፣ ኋላ ባለ ሞተሮቹ አንድ በአንድ እየመጡ ከዳር ተቀመጡ። የሶዳቢ ሻጯ ሴትዮም መጣች። አባባ አጎሱ እንደ ደንቡ «የሟች ሰዎች ስለ ሟች ቃል ይናገሩ» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ቪኞን ምን ብሎ ይጠራው ነበር?» አለኝ አባባ አጎሱ። አላውቅም።

«በየትኛው ጎኑ ይተኛ ነበር?» አለችኝ እናትህ። አላውቅም።

«ቪኞን ሲገባ ራሱን ያነሣ ነበር?» አለ ከባለ ሞተሮቹ አንዱ፣ ያ የሞተ አይጥ ሆኖ የጨፈረው። አላውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ስንጻጻፍ መነጽር ጠየቅሁህ፣ ጫማ ጠየቅሁህ፣ ማልያ ጠየቅሁህ። ይሄን አልጠየቅሁህም።

አሁን እጠይቅሃለሁ። መሬቱ እስኪላላ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ጻፍልኝ። ስሙን፣ የሚተኛበትን፣ የሚወደውን። አጭርም ይሁን።

አባባ አጎሱ ስለ ሟች ቃል ሳይነገር ልቅሶ አይፈታም ብሏል። ምንጣፉ እንደተነጠፈ ነው፤ እናትህም እኔም እዚያው ነን።

ዶሱ